ልብስ ሰፊዋና የደከመ ለቃሚው መኪና

ደስ ይበላችሁ፣ ጨረሰች! ማን አትሉኝም? ታላቅ እህቴ፣ ልብስ ሰፊዋ! ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ኖራ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ያላለችው እህቴ፣ የአማተሮችን የሦስት ቀን የብስክሌት ውድድር ዛሬ ጨረሰች።

ትናንት ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ ሲገባት፣ የስፌት መኪናዋን በጎኑ ያለውን መዘውር ይዛ እንደምታቆመው ሁሉ፣ ቀኝ እጇን ሰዳ መዘውር ፍለጋ ገባች። የምን መዘውር! ቦይ ውስጥ ተገኘች። ዛሬ ታዲያ በመጨረሻው ቀን፣ ጉልበቷ አብጦ ከሁሉም ኋላ ቀረች። የደከመ የሚለቅመው መኪና ተከተላት፤ ከመድረሻው በፊት ከቀደማት ከውድድሩ ትወጣለች።

ዳገቱ ላይ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እትዬ፣ ይግቡ እንጂ! ወንበሩ ለስላሳ ነው።»

«ለስላሳ ወንበርማ ቤቴ ሞልቷል! አንተ ቤንዚንህን ቆጥብ፤ እኔ የጀመርኩትን ስፌት ሳልቋጭ መርገጥ አላቆምም!»

ረጅም የመጋረጃ ጠርዝ የያዘች ይመስል፣ ሳትፈጥን ሳትዘገይ በእኩል ምት ረገጠች። መኪናው ጎማዋ ሥር ደርሶ እያጓራ፣ እሷ መስመሩን አለፈች። ሾፌሩ ራሱ ወርዶ አጨበጨበላት!

እናታችን ገና አልሰማችም። በሉ፣ ወሬኛ ጎረቤት ሳይቀድመኝ ልሩጥ!