በባሏ ፈንታ ያንኮራፋችው ሸፊቃ

የእሪ በከንቱዋ ልብስ ሰፊ ሸፊቃ ሰው ፊት ባሏን ተቃርና አታውቅም ነበር። ባሏ አብዱልሃኪም ዶፍ እየወረደ «ፀሐይዋ በረታች» ካለ፣ ጃንጥላዋን ዘግታ ትከተለዋለች። እናቷ ከደሴ ሲድሯት «የባል ገመና ደጅ አይወጣም» ብለዋታል፤ አክብራ ኖራለች።

አንደኛው ገመናው ግን በራሱ ጊዜ ደጅ ይወጣ ነበር፦ ማንኮራፋቱ። የፒያሳው ወርቅ ሠሪ አብዱልሃኪም ሲያንኮራፋ የቆርቆሮው ሚስማር ይላላል፤ ስድስት ኪሎ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች መስኮት ይዘጋሉ። የሚከፋው ደግሞ ዝም ሲል ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፤ ሸፊቃ በክርኗ ጎኑን ትለዋለች፤ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይቀጥላል።

የሐሞት ጠጠር ይዞት ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሄዱ። ሰመመን የምትሰጠው ዶክተር ሔርሜላ ጠየቀችው።

«አባቴ፣ ያንኮራፋሉ?»

«እኔ? እንደ ሕፃን ነው የምተኛው! እሷን ጠይቂያት!»

ሸፊቃ ሻሿን ማስተካከል ያዘች።

«በምክንያት ነው የምጠይቀው» አለች ዶክተሯ። «ተኝቶ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ከሰመመኑ በኋላ ጭራሽ ሊቆምበት ይችላል። ካወቅን ግን እንዘጋጃለን።»

ይሄኔ ሸፊቃ ብድግ ብላ ባሏን በልጃቸው ስም ጠራችው።

«የካሊድ አባት፣ አውፍ በለኝ።»

ከዚያማ አንኮራፋች! መስኮቱ ነዘረ፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ታማሚዎች «ጀነሬተር ተነሳ» ተባባሉ። ድንገት ደግሞ ቁርጥ አደረገችው። ዶክተሯ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ራሷም ትንፋሿን ይዛ ቀረች። በመጨረሻ ሸፊቃ «እህህህ!» ብላ አየር ሳበች።

«እንዲህ ነው ልጄ። ይሄ ክርኔ ባይኖር ድሮ ቀብሬው ነበር።»

«አንቺ ሴትዮ! አዋረድሽኝ!»

«ተዋርደህ ኑርልኝ።»

ዶክተሯ የቀዶ ሕክምናውን ቀን አራዝማ እንቅልፉን አስመረመረችው፤ ሲተኛ አየር የሚገፋለት ጭንብልም አስለመደችው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ራስጌው ቀና ተደርጎ፣ ጭንብሉን አጥልቆ ተኛ። ነርሶቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁት፤ ሸፊቃም አጠገቡ። ትንፋሹ አንዴም ሳይቋረጥ ነቃ።

ፒያሳ ወደሚያዘወትረው ካፌ ሲመለስ ጎረቤቱ ባለሱቅ በፍቃዱ ለከፈው።

«አብዱል፣ ሚስትህ ሐኪም ፊት አጋለጠችህ አሉ?»

«አጋልጣኝ ነዋ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ የምጠጣው! ያንተዋ ታንኮራፋልሃለች?»

እኛም የሰፈሯ ልጆች ስሟ ሲነሳ አንገታችን ይረዝማል። አብዱልሃኪምማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ «ሸፊቃዬ፣ እስቲ አሳዪያቸው!» ይላል።

እሷም ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምጿን ሳትደብቅ፦

«አላሳይም። ለሐኪም እንጂ ለእንግዳ አላንኮራፋም።»