ለወጥ ቤቱም አንድ ስክሪን

ሰርግ ቤት ውስጥ ሙሽራዋን የማታያት ማን እንደሆነች ልንገራችሁ፤ ወጥ የምትሠራዋ ሴት ናት። ሽንኩርቱን የላጠችው፣ ዶሮውን ያጠበችው፣ ጭስ ዓይኗን የፈጀው እሷ፣ እልልታውን ከሩቅ ትሰማና ማማሰያዋን እንደያዘች እልል ትላለች። ምግቡ ቀርቦ እጇን ስትታጠብ ሙሽራዋ ሄዳለች። እኔ ራሴ የታናሽ እህቴ ሰርግ ጊዜ ያየሁት ድስት ነው። ቀሚሷ ምን ዓይነት እንደነበር ዛሬም ከሰው አፍ ነው የማውቀው።

ስለዚህ የልጅ ልጄ በባሕር ማዶ ልታገባ ነው፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለነውም ሰርጉን በላፕቶፕ እናየዋለን ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ወጥ ቤቱስ?» ብዬ ነው። ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሙሽራዋ የሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ገና ልጅ ሳለች ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ከአጎቷ ቤተሰብ ጋር ዕድል ደርሷት ሄደች። እናቷ ከዚያ ወዲህ ፊቷን ያየችው በመዳፍ በምትያዝ ስልክ ነው፤ ያውም መስመሩ እየተቆረጠ፣ አንዴ አፏ ሳይንቀሳቀስ ድምጿ እየመጣ። ሰርጓን በትልቁ ማየት ለእናቷ ምን ማለት እንደሆነ ወላድ ታውቀዋለች።

«ወጥ ቤቱስ?» ማለቴ ለሙሽራዋ ጆሮ ደርሶ ኖሮ፣ በመንገደኛ እጅ ሁለት ስክሪን ላከች። ከትሪ አይወፍሩም። የራሳቸው ከህረባ፣ መብራት ማለቴ ነው፣ አያስፈልጋቸውም፤ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ይጠባሉ። እዚህ ከተማ ከህረባ እንደ ፈለገ የሚሄድ የሚመጣ ስለሆነ ይህ ብቻ በቂ ምርቃት ነው። ላፕቶፑ በሳሎኑ መስኮት ላይ ወደ ዳሱ ዞሮ ተቀመጠ፤ እሱ ለወንዶቹ። አንደኛው ስክሪን ሳሎን ውስጥ ለሴቶቹ። ሁለተኛው በረጅም ገመድ ከመስኮቱ ሥር እስከ ራኩባው ተሳበ፤ ከሣር ጥላው ሥር ድስቶቹ ወደ ተጣዱበት። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ድስት እዚያው ጎን ለጎን ነው የሚሠራው፤ ጎረቤቶቻችን እንደ ልማዳችን የየራሳቸውን አርደው፣ ሽንኩርቱን ግን አብረው ይልጣሉ።

ከሰርጉ በፊት በነበረው ቀን ሞከርነው። ሁለቱም በሩ። ገንፎ የመሰለ ሕፃን ሲስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈቱና ራኩባው ሁሉ አብሮ ሳቀ። በሰላም ተኛን። ላፕቶፑ ግን አልተኛም።

በነጋታው ጠዋት፣ እዚያ ማዶ ፀሐይ ከእኛ ቀድማ ስለምትወጣ ከሰዓት ሆኖ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትሰናዳ፣ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ገመዶቹን ሰካች። የላፕቶፑ ፊት በራ። ሁለቱ ስክሪኖች ግን እንደ ከሰል ጠቆሩ።

ይህችኛዋ የልጅ ልጄ ሱዳን ተወልዳ ያደገች፣ በዓረብኛ የተማረች፣ የቤቱ ኮምፒውተር አዋቂ ናት። ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች። የሳሎኑን ለራኩባው፣ የራኩባውን ለሳሎኑ አደረገች። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራች። አንዷ ጎረቤታችን «አቧራ ነው፤ ትናንት ነፋስ ነበር» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ሌላዋ እፍ አለችበት። ምንም።

በዳሱ ውስጥ ወንዶቹ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያስጠጉ ጀመር። የአማቼ ታላቅ ወንድም ከመፋዛ የመጣ የማሽላ ገበሬ ነው፤ ቀና ሰው፣ ግን ድምፁ ከትራክተሩ የሚበልጥ።

«እማማ፣ ዋናው ይሠራል እኮ» አለኝ። «እኛ እንጀምር፤ ሴቶቹ ቪዲዮው ሲላክ በኋላ ያዩታል።»

«በኋላ የሚታይ ሰርግ ተዝካር ነው» አልሁት።

«ታዲያ ሁላችንም እንቅር?»

«አዎ፣ አባቴ። ወይ ሁሉም ያያል፣ ወይ ማንም አያይም። ማዕዱ ለወንድ፣ ፍርፋሪው ለሴት የሚባልበት ቤት ይህ አይደለም።»

ላፕቶፑን ከድኜ አጠገቡ ቁጭ አልሁ። ዳሱ ተንጫጫ። ከራኩባው አንዲት ሴት «ሐጃ፣ አጥብቂልን!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ፤ እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ሐጃ ነው።

ልጄ ግን መጣች። አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ይከፈት» አለችኝ ዝግ ብላ። «በመስኮቱ ብረት ተንጠልጥዬም ቢሆን አያታለሁ።»

«አንቺስ ተንጠልጥለሽ ታያለሽ። እነዚያስ ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርት ሊልጡ የመጡት ለማን ልጅ ነው?»

«ለእኔ ልጅ ነው። አንቺ ፍርድ ስትሰጪ ልጄ ልታገባብኝ ነው።»

እውነቷን ነው። እኔም እውነቴን ነው። ሁለት እውነት በአንድ መስኮት ላይ ሲቀመጡ ምን ይደረጋል? ክዳኑን ከፈትሁት። ከመስኮቱ ግን አልተነሣሁም። የልጅ ልጄን ጠራኋት።

«ነይ ተቀመጪ። ገመዱን ተይው፤ ገመዱ አላጠፋም። ትናንት በርቷል፣ ዛሬ አልበራም። በመካከሉ ማን ገባ?»

የጠፋ ከብት ሲፈለግ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፤ ማታ በረት ነበረ፣ ጠዋት የለም፣ በመካከሉ በሩን የነካው ማን ነው?

«ማንም አልነካውም፣ ሐቦባ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ሌሊት አፕዴት አደረገ እንጂ።»

«አፕዴቱ ምንድን ነው?»

«ራሱን ያድሳል። ጠዋት ስከፍተው ታድሶ ነው ያገኘሁት።»

«ታድሶ ምን አለሽ?»

«ምንም። የሆነ ጥያቄ ጠየቀኝና መለስሁለት።»

«ምን ብለሽ?»

«ላ ብዬ ነዋ!» አለች አገጯን ቀና አድርጋ፤ እምቢ ማለቷ ነው። «አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

እውነት ነው፣ እኔ ነኝ። በቤቴ ያደገ ልጅ ሁሉ፣ ያልገባውን ነገር እሺ አይልም። እዚህ አገር ስንገባ አብሮን ጠረፉን የተሻገረ አንድ ጎረቤት ነበረን። ከዓረብኛ የሚያውቀው አንድ ቃል «አይዋ»፣ እሺ ማለት፣ ነበር። አለቃ መጥቶ ሲጠይቀው አይዋ፣ ጸሐፊ ሲጠይቀው አይዋ፤ ትሑት ሰው ስለሆነ እምቢ ማለት ነውር መሰለው። አንድ ጠዋት ዕቃው፣ ሚስቱና ልጆቹ መኪና ላይ ተጭነው አየናቸው። ወደ ሌላ ካምፕ ለመዛወር ፈቅደሃል ተባለ። ወንድሞቹ ሁሉ እኛ ጋ ቀሩ፤ እሱ ብቻውን ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለልጆቼ፣ ኋላም ለልጆቻቸው የምናገረው አንድ ነው፤ ካልገባችሁ ላ በሉ። ላ ያለ ሰው ነገ አይዋ ማለት ይችላል፤ አይዋ ያለ ግን ተጭኗል።

«ጥሩ አድርገሻል» አልኋት። «ግን ጥያቄው ምን ይል ነበር? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«‹ይህ ፕሮግራም የኮምፒውተርሽን ስክሪን እንዲቀዳ ትፈቅጃለሽ?› ነው የሚለው። የእኛን ሰርግ ማን ሌባ ነው የሚቀዳው? ላ አልሁት፣ ዘጋሁት።»

«የትኛው ፕሮግራም?»

«ይኸው ይህ የ…» አለችና አፏ ተከፍቶ ቀረ። የልጅ ልጄን ያን ጊዜ ብታዩዋት፣ ወተት የደፋች ድመት ነበር የምትመስለው።

«የሁለቱ ስክሪኖች ፕሮግራም ነው» አለች ቀስ ብላ። «በላፕቶፑ ላይ ያለውን እያየ በገመዱ ወደ እነሱ የሚወስደው እሱ ነው። ድሮ ሳይጠይቅ ያይ ነበር። ከታደሰ በኋላ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ ደግሞ እንዳያይ ከለከልሁት።»

«ካላየ ምን ይወስድላቸዋል?»

«ጥቁር! ወላሂ ጥቁር ነው የሚወስደው!» ግንባሯን በመዳፏ መታች። ዳሱ ሳቀ፤ ያ የመፋዛው ሰውዬ «ሐቦባሽ አሰረችን ስንል፣ ለካ አሳሪዋ አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ዝም በል» አልሁት። ወደ እሷ ዞሬ «አሁን ገባሽ?» አልሁ።

«ገባኝ።»

«ከገባሽ እሺ በይው።»

በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጥበትን ቦታ ፈልጋ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተችው። የሳሎኑ ስክሪን ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ የልጄ እጅ ክንዴን ጨብጦ ነበርና ጥፍሯ ሲገባ ተሰማኝ። ከዚያ በራ። ወዲያው ከራኩባው እልልታ ፈነዳ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እልልታ ከወጥ ቤት ቀድሞ ሲነሣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። 

ሙሽራዋ መጣች። ነጭ ለብሳ፣ ከነሚዜዎቿ፣ ወደ እኛ እያየች። የመጀመሪያ ቃሏ ግን ሌላ ነበር።

«እማ የት አለች? የማየው ወንድ ብቻ ነው!»

ለካ የላፕቶፑ ዓይን ወደ ዳሱ ነው የዞረው። እኛ እናያታለን፤ እሷ ግን የምታየው የአጎቶቿን ጥምጣም ነው። ማንም ይህን አላሰበውም፤ እኔም ጭምር። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅሁም። ላፕቶፑን አንሥቼ ወደ ሳሎን አዞርሁት።

«እማማ! ምን አደረግነዎት?» አሉ ወንዶቹ።

«ምንም። ለእናንተም ስክሪን አለ፤ ራኩባው ሥር ሂዱ።»

ልጄ በላፕቶፑ ፊት ተንበረከከች። ማዶ ያለችው እናቷን አየችና እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቃት ከእናቷ ጋር ብቻ አወራች። ምን እንዳወሩ አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ።

በመስኮቱ ስመለከት ወንዶቹ ራኩባው ሥር ከሴቶቹ ጋር ተጋፍተው ቆመዋል፤ አንዱ ሽንኩርት በእጁ፣ ሌላው ቡችላ የሚያክል ሕፃን በትከሻው፣ ሁሉም አንገቱን ወደዚያች ትሪ ወደምታክል ስክሪን አስግጓል። ወደ ድስቱ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም።

ምሳ ሲቀርብ ያ የመፋዛው ሰውዬ አንድ ጊዜ ጎረሰና ፊቱን አጨማደደ።

«እማማ፣ ወጡ አሯል።»

«አዎ» አልሁት። «የሠሩት ሴቶች ሰርግ ላይ ነበሩ።»