ምጸት ያልገባው አስተርጓሚ

ደግፌ በጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ውስጥ እንሰትና ገብስ የሚያለማ ገበሬ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከሩቅ ሰባኪ ሲጋብዝ ደግሞ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ ያስተረጉማል። ቃል አይጨምርም፣ ቃል አያጎድልም። በዚህም ይመሰገናል።

አምና ወንጌላዊ ዘርአብሩክ ከአዲስ አበባ መጡ። ስለ ስስት ሲሰብኩ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «ጎረቤታችሁ ሲራብ በራችሁን ዝጉ! መቼም እግዚአብሔር በተዘጋ በር አያይም» አሉ።

ደግፌ ኮስተር ብሎ እንዳለ አስተረጎመው። ምእመኑ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አሜን» ሲሉ ሌላውም ተከተለ።

ወንጌላዊው ደነገጡ። «ኧረ አሜን አይባልም!»

ደግፌ ይህንንም አስተረጎመ። ሰዉ የባሰ ግራ ገባው።

ስብከቱ ሲያበቃ ወንጌላዊው፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ተቃራኒውን ማለቴ ነው» አሉት።

«ታዲያ ለምን ተቃራኒውን አላሉም?»

ወንጌላዊው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ደግፌን ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳው። ለሌላ ጉዳይ አርባ ምንጭ ሲወርድ፣ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የምታስተምረውን የእህቱን ልጅ ዮርዳኖስን ጠየቃት።

«ምጸት ይባላል፣ አጎቴ። ሶቅራጥስ የሚባል የግሪክ ፈላስፋ ነበር። ምንም የማያውቅ መስሎ አዋቂ ነን ባዮችን ይጠይቃል። ሲመልሱለት ሲመልሱለት አለማወቃቸው ይወጣል።»

«መስሎ ነው ወይስ እውነትም አያውቅም?»

ዮርዳኖስ ሳቀች። «እሱን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።»

ገረሴ ሲመለስ ገበያውን አቋርጦ አለፈ። አንዲት ሴት አውራ ጣት የምታክል ድንች አንስታ፣ «ይሄን ብቻዬን እንዴት እሸከመዋለሁ!» ስትል ሻጯ ተቆጣች። ደግፌ ቆሞ አዳመጠ። ለካ በገዛ ቋንቋውም ሰው እንዲህ ይናገራል!

ጫማው ጭቃ እንደያዘ ቤት ገባ። ሚስቱ ሻሺቱ አየችውና፣ «እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው ነው ያገባሁት!» አለች።

«ምጸት ነው?»

ቃሉን አታውቀውም፤ አስረዳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ከተጋባን ጀምሮ ስናገርህ ዛሬ ገና ሰማህ?»

ደግፌ ጭቃ የያዘ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ስንቱን ነገር እንደ ምስጋና ተቀብሎ ኖሯል! ቀስ ብሎ፣ «ታምሜ የተኛሁ ጊዜ፣ አንተ ከሌለህ ቤቱ ቤት አይሆንም ያልሽውስ?» አላት።

ሳቋን አቆመች። «እሱ ሌላ ነው።»

«በምን ይለያል?»

አሰበች። «ያኔ እኮ እያለቀስኩ ነበር። አላየኸኝም?»

አላያትም፤ ትኩሳት ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደግፌ ሲያስተረጉም የተናጋሪውን ፊት ያያል። ግራ ሲገባው ይቆምና በሰው ፊት፣ «ይሄ የምርዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚቆጡ ሰባኪዎች አሉ። ምእመኑ ግን መልሱን ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል።