ማማው ዝም ያለበት ታኅሣሥ

ወላጆቻችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መርሐ ቤቴ ውስጥ፣ ከዓለም ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። በሳምንቱ መካከል ያርሳሉ፣ በሰንበት ይቀድሳሉ። እሳቸውና ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ልጅ አልወለዱም። ያላቸውን ፍቅርም ቁጣም ሁሉ እኔ ላይ ጨረሱት።

ተምሬ መምህርት ስሆን የደረሰኝ ምድብ ግሼ ነበር፤ ከራቤል ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ የደጋ ትምህርት ቤት። ካርታ ላይ ሲታይ ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን ከእኛ ቤት እዚያ ለመድረስ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አድሮ፣ እንደገና ወደ መንዝ መውጣት ነው። አውቶቡሱ ካልተበላሸ፣ መንገዱም ካልተዘጋ፣ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የምንገናኘው በዓመት አንዴ፣ ክረምት ላይ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ምንም ስልክ አያውቅም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ራቤል ገበያ ወርጄ እደውል ነበር። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ የስልክ ማማ ሊተከል ነው ተባለ። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ አመላለሰ፤ አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በጀርባው። ሥራ የጀመረ ዕለት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አዲስ አበባ ያለ ልጃቸው ሲደወልላቸው ቆባቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ብድግ ብለው ቆመው ሲያናግሩት አይቻለሁ። ሣቅን። እኔም የዚያን ዕለት ለጋሼ ደወልኩ።

«ከየት ነሽ?» አሉኝ።

«ከቤቴ።»

«ከቤትሽ? ውስጥ ቁጭ ብለሽ?»

«አልጋዬ ላይ ነኝ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉና ወደ እትዬ ዞር ብለው፣ «አልጋዋ ላይ ናት!» ብለው ጮኹ፤ ሆስፒታል የተኛሁ ያህል።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እንነጋገር ነበር። ከቅዳሴ ሲወጡ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማሉ፤ እዚያ ነው የዓለም ከተማው ማማ ጥሩ የሚያገኛቸው። ቁልፍ ያለውን ትንሽ ስልካቸውን በአሮጌ የዳዊት ማኅደር ከትተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሲያወሩ ይጮኻሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እታለሜ፣ እህል ቀምሰሻል?» ከዚያ ስለ ማሽላው፣ ስለ በሬው፣ ከደብሩ ሰው ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳረፈ። የረባ ነገር አናወራም ነበር። አሁን ሳስበው አራት ዓመት ሙሉ የረባ ነገር ሳናወራ ነው ያለፈው።

በአራተኛው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ማማው ዝም አለ። አንዱ ባትሪው ሞተ ይላል፣ ሌላው ነዳጅ የሚያመጣው መኪና ማለፍ አልቻለም ይላል፣ ሦስተኛው ሆን ተብሎ ነው የጠፋው ይላል። እውነቱን የነገረን የለም። ማማው ያው እንደ ድሮው ቆሟል። ልጆች ከክፍል ሲወጡ ቀና ብለው ያዩታል። እኛ መምህራን ደግሞ ስልካችንን በየሰዓቱ እናያለን፤ በኋላ በየቀኑ፣ ከዚያም በኋላ ተውነው። እኔ ስልኬን ሰዓት ለማየትና በባትሪው ብርሃን ደብተር ለማረም ብቻ አስቀረሁት። ሥራ ስገባም ቤት ትቼው መሄድ ለመድኩ።

ራቤልም በዚያ ሰሞን አይሠራም ነበር። ነገር ግን ወደ ጓሳ ጫፍ የሄደ ሰው፣ ከአንድ ቋጥኝ ላይ፣ የሌላ አገር ማማ ያገኛል ተባለ። ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሌሊቱ ሳይነጋጋ ተነሥተን ሄድን።

ስንደርስ ቋጥኙ ሥር ዐሥር ያህል ሰው ተቀምጧል። የጓሳውን ሣር የሚጠብቁ አንድ ሰውዬ ተራ ያስይዛሉ፤ ማንም ሾሟቸው አይደለም፣ ሰው እንዳይጣላ ብለው ነው። ነፋሱ ነጠላ ይነጥቃል። አንዲት ሴት ጅዳ ያለች ልጇን ፈልጋ ሦስት ጊዜ ሞክራ አልያዘላት ብሎ፣ ወርዳ ሄደች። ተራዬ ደረሰና ቋጥኙ ላይ ወጣሁ። ጋሼ ወዲያው አነሡት፤ አፋፉ ላይ ነበሩ።

«እታለሜ! እህል ቀምሰሻል?»

ድምፃቸው ተቀይሯል። ቀጭን ሆኗል፤ አይጮኹም።

«አሞዎታል እንዴ ጋሼ?»

«ጉንፋን ናት። ታኅሣሥ አይደል?» ሳሉ፤ ረጅም ሳል። «ስሚኝማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። በስልክ የሚወራ አልነበረም፣ ግን መቼ እንደምትመጪ...»

ተቆረጠ።

እንደገና ደወልኩ። አልያዘም። ስልኩን ከፍ አደረግኩ፣ ዞርኩ፣ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ሰውዬው ከታች ሆነው፣ «ልጄ፣ ነፋስ ሲበረታ እንዲህ ያደርገዋል፤ ውረጂ፣ ሌላው ይሞክር፤ ቆይተሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። ወረድኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ በላይ ብንቆይ መንገድ ላይ ይመሽብን ነበር። ባልደረባዬም እግሯ ቆስሎ ነበር። ተመለስን። የሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራዬ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«መምህርት፣ ስልክሽ ዛሬ ጮኸ እኮ!»

«ስልኬ?»

«ጮኸ ጮኸና ዝም አለ። በሩን ቆልፈሽዋል፣ ምን ላድርግ?»

ሮጬ ገባሁ። እውነት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ያልተነሣ ጥሪ አለ፤ የጋሼ ቁጥር ነው። ማማው ምን እንደነካው እንጃ፣ ያን ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል ነፍስ ዘርቶ ነበር። እኔ መልሼ ስደውል ግን ሞቷል።

እዚህ ላይ ያሰብኩትን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ደስ አለኝ። ጋሼ ደወሉ ማለት አፋፉ ድረስ በእግራቸው ወጥተዋል ማለት ነው። አፋፉ ድረስ ከወጡ ጉንፋኑ ለቋቸዋል። ደኅና ናቸው። ለአከራዬም እንዲሁ ነገርኳቸው፤ «ወንድሜ ናቸው፤ ተሽሏቸው ነው የደወሉት» አልኩ። እሳቸውም፣ «ተመስገን፣ በይ ነይ ግቢ» ብለው ትኩስ የገብስ ቂጣ ቆረሱልኝ። በልቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ ብርዱ በረታ። የማርመው የፈተና ወረቀት ነበረኝ። ያ መንገድ ትዝ አለኝ፣ ነፋሱ ትዝ አለኝ። ደኅና ናቸውና ጓሳ ለገና እወጣለሁ አልኩ። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ ፈተና ሳርም ዋልኩ።

ገና ሲመጣ ማንም ወደ ጓሳ አልሄደም፤ መንገዱ ያስፈራል ተባለ። እኔም አልሄድኩም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ፊቴን ልታጠብ በር ስከፍት፣ አራት ሰዎች በግቢው በር ሲገቡ አየሁ። ርእሰ መምህራችን፣ የደብሩ ቄስ፣ ያ ቆባቸውን አውልቀው ስልክ ያናገሩት ሽማግሌ፣ ከኋላ ደግሞ አከራዬ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረውታል። ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ከርመው ማታ ነበር የተመለሱት። እኔ ያሰብኩት የተጣላ ሰው አለ፣ አማላጅ ሆነው ሊያስታርቁ መጡ ብዬ ነው። ውኃውን እንደያዝኩ፣ «ደኅና አደራችሁ፣ ግቡ» አልኩ።

ማንም ሰላምታዬን አልመለሰም። ቄሱ ገብተው ተቀመጡ፣ እኔንም ተቀመጪ አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ማን እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም፤ ለአፍታ እትዬ ይሁኑ ብዬ ተመኘሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተመኘሁ።

«ልጄ፣» አሉ ቄሱ፣ «ወንድምሽ ካህን ነበሩ። ስለዚህ ለአንቺ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። አርፈዋል።»

«መቼ?»

ርእሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። «ከገና በፊት ነው። ደብረ ብርሃን ሳለሁ ነው የሰማሁት። እትዬሽ በስንት ሰው ዞረው የእኔን ቁጥር አግኝተው ደወሉልኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። አከራዬ ይዘውኛል። ሰፈሩ ተሰብስቦ አለቀሰ። የሚያለቅሱት በሕይወታቸው አይተዋቸው ለማያውቁት ሰው ነው። የተቀበረ ሦስት ሳምንት ላለፈው ሰው እኔ አዲስ ሐዘንተኛ ነበርኩ።

ቤት የደረስኩት በአምስተኛው ቀን ነው። እትዬ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጮኼ ስወድቅባቸው እንደ ልማዱ አብረውኝ አልጮኹም። ጎረቤት ነው ያነሣኝ። ሰው ሁሉ ሲወጣና ሁለታችን ስንቀር ብቻ ተናገሩ።

«የት ነበርሽ?»

«ማማው አይሠራም ነበር እትዬ።»

«አንድ ጊዜ ጠርቷል።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ረቡዕ ዕለት። ከአልጋ መነሣት ካቃታቸው ሦስተኛ ቀን ነበር። ስልኩን ከአንገታቸው አውልቄ እኔው አፋፉ ላይ ወጣሁ። በየቀኑ እወጣ ነበር፣ ያቺ የስልኩ ሴትዮ አይገኙም ትላለች። ረቡዕ ግን ጠራ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣሽም። ወርጄ፣ ‹ጠርቷል፣ ታየዋለች፣ ትመጣለች› አልኳቸው። ስምንት ቀን ጠበቁሽ። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላሉ።»

ስምንት ቀን። በልቤ ቆጠርኩት። ቅዳሜ ጓሳ ወጥቼ ደውዬ ቢሆን እሑድ እነሣለሁ፤ ማክሰኞ ማታ፣ ቢዘገይ ረቡዕ እገባለሁ። ያረፉት ሐሙስ ነው።

«ጥሪውን አይቼው ነበር» አልኳቸው። ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም፤ መዋሸት እችል ነበር። «አየሁት። እሳቸው የደወሉ መስሎኝ... ተሽሏቸው መስሎኝ ነው።»

እትዬ አልተቆጡኝም። ቁጣ ቢሆን እሸከመው ነበር።

«አየሽው?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ አላየችውም እያልኩ ነበር የምጽናናው።»

አርባቸው እስኪወጣ ከረምኩ። መቃብራቸው ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ነው፤ አፈሩ ተጠቅጥቆ ሣር ማብቀል ጀምሯል። እትዬ ምግብ ያቀርቡልኛል፣ አልጋ ያነጥፉልኛል፣ ከዚያ በላይ አያናግሩኝም። ልሄድ ስል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ነበር። በስልክ አይወራም ብለውኝ ነበር። ምን ነበር?»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ» አሉ። «ለእሷ ነው፣ ስትመጣ እነግራታለሁ ነው ያሉኝ።»

ሌላ ማንም አያውቅም። የደብሩን አለቃ ጠየቅኩ፣ ጎረቤት ጠየቅኩ። ስለ እርሻው ይሁን፣ ስለ ወላጆቻችን ይሁን፣ ወይስ ስለ እኔ ማግባት፣ አላውቅም። አሁን እስከ ዕለተ ሞቴ አላውቅም።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፋሲካ ሳይደርስ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ስለ ማማው አቤት ለማለት ከተማ ወዳለው የስልክ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበለን ወጣት ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ ማመልከቻችንን ተቀበለ፣ መዝገብ ላይ ጻፈ። ተመዝግቧል አለን። ስንወጣ አንዱ ሽማግሌ፣ «መቼ ይሠራል አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ቀን አልነገረንም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማማው ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ይጠፋል። ለእትዬ በሠራ ቁጥር እደውላለሁ። ይጠራል። አያነሡትም። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ በሰው እጅ ልኬ መልስ አላገኘሁም።

በጾመ ፍልሰታ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «አባቴ፣ ወንድሜ እያጣጣሩ እኔ ቂጣ በልቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ» አልኳቸው። ሳታውቂ ያደረግሽው ነው አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ግን ብርዱን ፈርቼ ነው የቀረሁት፣ እሱን አውቄያለሁ አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፣ እስከ ፍልሰታ ፍቺ የሚሰገድ።

ሁሉንም ሰገድኩ። አንዱንም አላጎደልኩም። ምንም አልቀለለኝም።