የወልደ ሐዋርያት ግማሽ ሊትር

ወልደ ሐዋርያት ውሃ መጠጣት የተማረው በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያስተማረው ደግሞ ጠጠር ነው፤ ኩላሊቱ ውስጥ የበቀለ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ማህደር ክፍል ውስጥ የሰው ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የኖረ፣ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ከሠናይት ጋር የሚኖር፣ ደሞዙም ድምፁም ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የአለቃ ነው። እሑድ የቤተ ክርስቲያን፣ የዕድርና የለቅሶ ነው። የራሱ የምትባል አንዲት ነገር ብትኖረው ቅዳሜ ጠዋት ናት፤ ያን ጊዜ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉን አንድ በአንድ እየቆጠረ ሲሮጥ ማንም ስሙን አይጠራም። ይህን ደስታ ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ቢያስረዳ ኖሮ ያኔውኑ ኮሚቴ ይቋቋምለት ነበር።

ኮሚቴው ግን ሳይጠራ መጣ። ጥር ላይ ወልደ ሐዋርያት ዳገቱን ለሁለተኛ ዙር ሲወጣ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ ጠጠሯን አሳየውና በሁለት ዐረፍተ ነገር ገላገለው፤ ከሮጥክ ጠጣ፣ ካልጠጣህ አትሩጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት የሚሮጠው የዳገቱ ቡድን ግን በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚገላገል አልነበረም። ቡድኑን የሚመራው ጋሼ በርናባስ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ፊሽካው ግን ጡረታ አልወጣችም። ዐሥራ አራት ሰው ሰብስቦ፣ አጀንዳ አስይዞ፣ ቃለ ጉባዔ አስጽፎ፣ ሰፊው ሕዝብ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚጠብቅበት ከተማ ስለ አንድ ሰው ግማሽ ሊትር ውሃ ሁለት ሰዓት አወያየ። ውሳኔውም ይህ ነበር። ወልደ ሐዋርያት ከእንግዲህ ውሃውን በእጁ ይዞ ይሮጣል። በመጀመሪያው ዙር አይነካውም፤ በሁለተኛው ዙር ይጨርሰዋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ በርናባስ ዕቃውን ገልብጦ ያረጋግጣል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከወደቀ ወይም ከቆመ ግን ከዳገቱ ቡድን ተሰርዞ ወደ እግረኞች ቡድን ይዛወራል።

የእግረኞች ቡድን ማለት ሲ.ኤም.ሲ አስፋልት ዳር፣ ሜዳ ለሜዳ፣ የመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ኃላፊ ከፊት እየመራ ስለ አዲሱ መዋቅርና ስለ ድልድል የሚያወራበት የሁለት ሰዓት ጉዞ ነው። ወልደ ሐዋርያት ይህን ከሞት አብልጦ ፈራው። ለሞትስ ቢያንስ ድንኳን ይጣልለታል።

ስለዚህ ዕቃ ፍለጋ ተገባ። ሯጭ በእጁ የሚይዘው የውሃ ዕቃ! ነገሩ ቀላል ይመስላል። አብዮት መምራትም ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

መጀመሪያ የያዘው ማንም የሚያውቀው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ሃይላንድ የተሠራው ለመጠጣት እንጂ በእጅ ተይዞ ለመሮጥ አይደለም። ጨበጥ ሲያደርገው ይጨረማመታል፣ ላላ ሲያደርገው ያመልጠዋል፣ በየእርምጃው ይንቦጫረቃል። ሦስት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጣቶቹ ደንዝዘው ሃይላንዱን በሌላኛው እጁ እየፈለቀቀ አወጣው።

ቀጥሎ መገናኛ ወረደ። የስፖርት ዕቃ የሚሸጠው ሀሚድ መደርደሪያውን ሙሉ አወረደለት፤ ማሰሪያ ያለው፣ የስልክ ኪስ ያለው፣ ኪስ ላይ ሌላ ኪስ ያለው። የውጭዎቹ ሯጮች ያለዚህ ከቤት አይወጡም ብሎ ማለለት። ወልደ ሐዋርያት የውጭዎቹን ሯጮች አይቶ አያውቅም፤ እንጦጦ ላይ በባዶ እጃቸው ሽው ብለውት የሚያልፉትን የአገሩን ልጆች ግን በየሳምንቱ ጀርባቸውን ያያል። ቢሆንም ገዛ። ጥርስ ያለው ከበርቴ ድድ ላለው ንዑስ ከበርቴ አጥንት ሲሸጥለት እንዲህ ነው። ዕቃው ጫፉ ላይ የሚነከስ ለስላሳ ጎማ አለው፤ ነክሰው ሲስቡት ይንጠፈጠፋል፣ ጨመቅ ሲያደርጉት ዓይን ውስጥ ይረጫል። ከሁሉ የከፋው ግን መልኩ ነው። ጺሙ የሸበተ ሰው ያን ጎማ አፉ ውስጥ ወትፎ ዳገት ሲወጣ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሰምቶት ነበር። ገንዘብ ያዡ ኤቢሳ ፋይል ሊወስድ መጥቶ፣ ድምፁን እንደ ሐዘንተኛ ዝቅ አድርጎ፣ «ጡጦው ተቀቅሏል?» ብሎ ጠየቀው።

ሦስተኛው ብረት ነበር። ውሃውን እስከ ማታ ያቀዘቅዛል ተብሎ የተገዛ። እውነት ነው፣ አቀዘቀዘ። ግን ክንዱ ትከሻው ላይ መንጠልጠሉን ሊያቆም ደረሰ፤ አንድ ወገኑ ከባድ ሆኖ ወደ ግራ እያዘነበለ ሲሮጥ ጋሼ በርናባስ ከኋላው ፊሽካ እየነፋ «መስመር! መስመርህን ያዝ!» ይለዋል።

መፍትሔው ከሾላ ገበያ መጣ። ሠናይት የዐቢይ ጾም ሽሮና በርበሬ ልትገዛ ሄዳ፣ ከፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ፊት ተደርድረው አየቻቸው፤ ግማሽ ሊትር የምትይዝ፣ መያዣ ያላት፣ ክዳኗ በደንብ የሚጠብቅ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን። ወልደ ሐዋርያት አራት ጣቱን በመያዣዋ ሲያስገባ በእሱ እጅ ልክ የተሠራች መሰለችው። አትንቦጫረቅም፣ አታፈስም፣ አትነከስም። ሦስት ጊዜ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ ሞከራት።

አርባ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ከተማ ኖሮ፣ በየዓመቱ የጥምቀት ዕለት ልክ እሷን የምትመስል ጀሪካን ይዞ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ፣ ያቺ ዕቃ ለምን እንደምትሸጥ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለውም። ወይም ትዝ ብሎት የተመቸው እጁ ዝም አሰኘው።

የሩጫው መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በጫካው በኩል ተወጥቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በጠበሉ በር ታልፎ ወደ ታች ይወረዳል፤ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል። እንግዲህ በጾም ቅዳሜ፣ በማለዳ፣ ከጠበሉ በር በኩል ቢጫ ጀሪካን ጨብጦ እየሮጠ የሚወርድ ሰው ምን ይመስላል? በእነዚያ ዳገቱን ፈርተው መታጠፊያው ላይ በተቀመጡ አሮጊቶችና በሽተኞች ዓይን ምሕረት ራሷ እግር አውጥታ የመጣች ነው የመሰለችው።

የመጀመሪያዋ እጇን የዘረጋችው ዳርቱ ናት። ዕድሜዋ ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ጉልበቷ የያዛት፣ ምርኩዟን ድንጋይ ላይ አጋድማ የተቀመጠች ሴት። ከጠበሉ ነው የምትመጣው ልጄ፣ እስቲ አቅምሰኝ አለችው። ወልደ ሐዋርያት ሳይዋሽ መለሰ፤ ውሃ ነው እማማ አላት። «ጠበልማ ውሃ ነው» አለችና ሁለት መዳፏን ገጥማ አቀረበችለት።

መዳፍ አንዴ ከተገጠመ ነገር አብቅቷል። ጠበል የያዘ ሰው ሲጠየቅ አይከለክልም፤ ይህ በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ አልተጻፈም፣ ስለዚህም ነው የሚከበረው። ደግሞ ቆሞ፣ ይህ የእኔ የመጠጥ ውሃ ነው ብሎ ለታመመች አሮጊት መንፈግ ምን ይባላል? ቀዳላት። ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን ጉልበቷ ላይ አሸችው። ከኋላዋ ሌላ መዳፍ ተገጠመ፣ ከዚያ ሌላ። ሁለተኛውን ዙር ጠብታ ሳይቀምስ፣ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቆ ወጣው።

ቀድሞ ጫፍ የደረሰው በርናባስ፣ መታጠፊያው ላይ የሆነውን ሳያይ፣ ጀሪካኗን ገለበጣት። ጠብ የሚል የለም። «ጓዶች፣ እዩት» አለ፤ ሁሉም ከወልደ ሐዋርያት እንዲማር አሳሰበ። ዲሲፕሊን ማለት ይህ ነው ተባለ። የቴሌግራም ቡድኑ ላይ ባዶዋ ጀሪካን ፎቶ ተነስታ ተለጠፈች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የወልደ ሐዋርያት ዝምታ ግን በሦስት ቅዳሜ ነቀዘ። በሁለተኛው ቅዳሜ መታጠፊያው ላይ ስምንት ሰው ጠበቀው። በሦስተኛው ዐሥራ አንድ። ሌላ መንገድ እንዳይሄድ መስመሩ የበርናባስ ነው፤ ቀድሞ እንዳይጠጣው በመጀመሪያው ዙር አይነካም ተብሏል። ዳርቱም ትመርቀዋለች፤ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ድሮ ጠበሉን ፍለጋ እሷ ነበረች የምትወጣው፣ አሁን ጠበሉ ራሱ እየሮጠ ይመጣላታል። ይህን ሰምቶ እውነቱን መናገር የባሰ ሆነ። በሦስተኛው ቅዳሜ ወገቡን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የጨረሰው። ቤት ሲገባ ሠናይት ፊቱን አየችና ጠበቅ አድርጋ ጠየቀችው። ሁሉንም ነገራት። ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን አቆመች። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ለጋሼ በርናባስ የምትደውለው ራሷ እንደሆነች፣ እግረኞቹ ዘንድም እጁን ይዛ እንደምታስረክበው ነገረችው። ሠናይት ካለች አለች ነው።

አራተኛው ቅዳሜ መጣ። ወልደ ሐዋርያት የመጀመሪያውን ዙር ሲሮጥ ንግግር ሲያዘጋጅ ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ ማጠቃለያ ያለው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የዳርቱ መዳፍ ቀድሞ ተገጥሞ አገኘው። ንግግሩ ጠፋበት።

«እማማ፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው» አላት። «አያት፣ ከቤቴ የቀዳሁት።»

መዳፏን አልፈታችም። «ያለፈው ቅዳሜስ?»

«እሱም።»

«ከዚያ በፊቱስ?»

«ያን ሰሞን ውሃ ጠፍቶ ነበር። ከበርሜል ነው የቀዳሁት።»

ከኋላዋ የተሰለፉት አንድ በአንድ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ዳርቱ ቀስ ብላ መዳፏን ፈታች፤ አየችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው።

«ሰባት ቅዳሜ ተስያለሁ» አለች። «ሁለቱን በእነዚህ ጉልበቶች ወጥቼ ጠጣሁ። ሦስቱን አንተ አለህ ብዬ እዚህ ተቀመጥኩ። ዛሬ ስድስተኛዬ ነው ብዬ መጥቼ፣ ለካስ ገና ሁለት ላይ ነኝ። ጾሙ ሊያልቅ!»

ይቅርታ ጠየቃት። ይቅርታውን ከምንም አልቆጠረችውም። ለመሆኑ በቧንቧ ውሃ ምን ቆርጦህ ዳገት ለዳገት ትሮጣለህ አለችው። ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ በርናባስና ስለ እግረኞቹ ቡድን እያንተባተበ አስረዳት።

«ታዲያ መድኃኒትህን ለምን ለኛ ትሰጣለህ?»

«እጅዎን ዘረጉ።»

«እኔ የዘረጋሁት ለእግዜር ነው። አንተ መሃል ምን ጥልቅ አደረገህ?»

ወደ ዳገቱ ዞር ብሎ አየ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ የቡድኑ ሰዎች ጀርባ ከባሕር ዛፉ መሃል መጥፋት ጀምሯል።

«በል ጠጣ» አለች።

«እርስዎ እየጾሙ?»

«የምጾመው እኔ ነኝ። በሽተኛው አንተ ነህ። ጠጣ፣ እያየሁህ።»

ጠጣ። ዐሥር ጾመኛ ፊት፣ አንገቱን ቀልብሶ፣ ጉሮሮው ድምፅ እያወጣ፣ በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ ጠጥቶ አያውቅም። ሲጨርስ ገልብጣት አለችው፤ ገለበጣት። ዳርቱ ጎንበስ ብላ ጠብታ ፈለገች። ከበርናባስ ትብሳለች፤ በርናባስ ባዶ ዕቃ ብቻ ነው የሚያየው፣ እሷ ጉሮሮውን ነው የቆጠረችው።

ከዚያ ምርኩዟን አንስታ ቆመች፣ ጉልበቷ ቀጭ አለ፣ እጇንም ደግማ ዘረጋች። አሁን የምትፈልገው ጀሪካኗን ነበር። እንግዲህ ወደ ላይ ልወጣ ነው፣ ባዶ እጄን ከምወጣ መቅጃ ትሁነኝ፣ ዕቃዋም ለዚሁ ነው የተሠራችው አለችው። ልክ ናት። የበደላትም እሱ ነው። የተሰለፉት ሁሉ አዩት። እጁ ልማዱ ነውና ወደ ፊት ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያዘው።

«አልሰጥም እማማ። የምሮጠው በእሷ ነው።»

ዳርቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ስስታም» አለች፤ ዳገቱንም ያዘች።

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ይህችን አንዲት ቃል ላለመስማት ነበር በጥማት ሲቃጠል የከረመው። ሰማት፤ እግሩም አልተሰበረ። ፊቱ ጆሮው ድረስ እንደቀላ፣ ሆዱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ውሃ እየተንቦጫረቀ፣ ባዶዋን ጀሪካን ጨብጦ ሁለተኛውን ዙር ጀመረ። ከሁሉ ኋላ ነበር። ግን አልቆመም፤ አልወደቀምም።

ጫፍ ላይ ሌሎቹ ሹራባቸውን ለብሰው ጨርሰዋል። በርናባስ ሰዓቱን አየ፣ ጀሪካኗን ገለበጠ፣ ፊቱንም እንደ ማስረጃ አገላብጦ መረመረው።

«ደርቃለች» አለ። «ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ግን ዘግይተሃል። ምክንያት?»

«ውሃ ስጠጣ ነው፣ ጋሼ።»

የቡድኑ ጸሐፊ ቃሉን እንዳለ መዘገበው። የወልደ ሐዋርያት ስምም በዳገቱ ቡድን ዝርዝር ላይ፣ ከሁሉ በታች፣ እንዳለ ቀረ።