ቅርፊት ያለው ዓሣ

ባለቤቴ የአዋሳ ልጅ ነው። ይህን የማነሳው ዘር ለመቁጠር አይደለም፤ የአዋሳ ልጅ ውሃ ካየ እጁ አርፎ አይቀመጥም ለማለት ነው። ሮተርዳም ውስጥ የሰጡን ቤት ከወንዙ ዳር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሲከፈት የመርከብ ጡሩምባ ዘው ብሎ የሚገባበት ነበር። ሻንጣችንን ሳንፈታ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመና፣ "እዚህማ ዓሣ አለ" አለኝ። እኔ የታየኝ ሌላ ነው። ጥቁር ውሃ፣ ከማዶ ጫፉ ላይ ቀን ከሌት እሳት የሚነድበት ረጅም የጭስ ማውጫ፣ ከሥር ደግሞ ከወንዙ ወለል ጭቃ እየዛቀ የሚጭን ጀልባ። ነፋሱ ከባሕር በኩል ሲነሳ የቤንዚንና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይዞ ይመጣል። ጎረቤቶቻችን ምንም ሳይሉ ተነስተው መስኮታቸውን ይዘጋሉ። እኛም አይተን ዘጋን።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ተጋምሰው ነበር። ሱዳን ሳለን ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። ሦስተኛውን እዚህ ስፀንስ አፌን ሞልቼ "አርግዣለሁ" ለማለት እንኳ ፈራሁ። ለእመቤታችን ተሳልኩ፤ ይህን ካቆየሽልኝ አንድም ጾም አላፈርስም አልኩ። ነፍሰ ጡር ጹሚ ተብላ አትገደድም፣ አውቃለሁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባለቤቴ ተቆጣ፣ ለመነ፣ አኮረፈ፤ እኔ እንደሆንኩ አንዴ እንቢ ካልኩ እንቢ ነኝ።

ሁዳዴ ገባ። ሽሮ የሚመጣው ሰው ከአገር ሲመጣ ነው፤ ሰው ደግሞ አይመጣም። ድንችና አተር እየበላሁ ፊቴ ገረጣ። ባለቤቴ መላ ሲፈልግ ሰነበተና አባባ ዘንድ ሄደ።

አባባ የምንላቸው በከተማው ከነበርነው ጥቂት ሐበሾች በዕድሜ ትልቁን ሰው ነው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ያሳምሩታል። ከዚያ መርከብ ላይ ተቀጥረው ሲዞሩ ኖረው በስተርጅና እዚሁ ወደብ ላይ ቀሩ። በአቅራቢያችን ቄስ ስላልነበረ የጾምና የበዓል ነገር የሚጠየቀው እሳቸው ነበሩ። ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና ፍርዱን ሰጡ።

"ዓሣን አንዳንዱ በጾም ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም። ለነፍሰ ጡር ግን የሚከለክላት የለም። ብቻ ቅርፊትና ክንፍ ያለው ይሁን። ቅርፊት የሌለውን ኦሪት እርኩስ ብሎታል፣ እሱን ከበር እንዳታስገቡት።"

"ውሃውስ አባባ?" አልኳቸው። "ቀለሙን አይተውታል? እኔን አላማረኝም።"

"ልጄ፣ ወራጅ ውሃ አይረክስም" አሉኝ።

ልቤ ረጋ። ባለቤቴማ በማግስቱ መንጠቆ ገዛ።

ሥራው ቢሮ ማጽዳት ነበር፤ የሚገባው ማታ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር ይቆማል። እዚያ የሚያጠምዱ የአገሩ ሽማግሌዎች አሉ። መጀመሪያ ቀን እየሳቀ ተመለሰ። "ሰዎቹ አብደዋል" አለኝ። "ዓሣውን ይይዙታል፣ ከመንጠቆው በጥንቃቄ ያላቅቁታል፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ያዩታል፣ ከዚያ መልሰው ውሃ ውስጥ ይለቁታል።" እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ሳስበው ተናደድኩ። እግዜር በሰጠው ምግብ መጫወት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? ባለቤቴ በምልክት "ለእኔ ስጡኝ" ሲላቸው እርስ በርስ ተያይተው ሰጡት። ከዚያ ወዲያ የያዙትን ሁሉ ያስቀምጡለት ጀመር። ሰፋፊ ብርማ ዓሣ በከረጢት ሞልቶ ይመጣል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ቅርፊቱን በጣቴ ዳስሶ ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ፓሊንግ የሚሉትን ይዞ መጣ። ረጅም፣ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፤ እባብ ነው ብትሉት የሚያስተባብል የለም። ማጠቢያው ውስጥ ሲተጣጠፍ እኔ በር ላይ ነኝ። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም? በል ይህን ጉድ ካመጣህበት መልሰው" አልኩት። መልሶ ለቀቀው። ከሕግ ሳንወጣ በመቅረታችን የዚያን ቀን ኩራት ኩራት አለኝ።

አንዳንዱ ዓሣ ጎኑ ላይ ቁስል ነበረው፤ ቀይ፣ ዙሪያው ነጭ። ባለቤቴ "መርከብ ገጭቶት ይሆናል" እያለ ቁስሉን ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ይሰጠኛል። ከበታችን ፎቅ የምትኖር ባልቴት ነበረች፤ ሟች ባሏ ያን ጭቃ በሚዝቀው ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ ከነከረጢቴ አገኘችኝና ዓሣውን እያሳየች ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ወንዙ ጠቆመች፣ አፍንጫዋን ያዘች፣ ሆዴን በእጇ ነካችው። ቋንቋ የለኝ። የፈረንጅ ነገር፣ ጭንቅላት ያለው ዓሣ አይታ ተጸየፈች አልኩና ፈገግ ብዬ አለፍኳት። ከዚያ በኋላ ባየችኝ ቁጥር ቆማ ታየኝ ነበር።

ሁዳዴ አለፈ፣ የሐዋርያት ጾም አለፈ፣ ፍልሰታም ተፈታ፤ እኔ አንድም አላጎደልኩም። ሆዴ ገፋ። መስከረም ላይ እግርና እጇ የሞላ፣ ጤነኛ ሴት ልጅ ወለድኩ። አባባ አራስ ጥየቃ መጥተው ሲያቅፏት እንባቸው ጉንጯ ላይ ወረደ። እኔ ደግሞ ስለት ሰመረልኝ ብዬ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ባለቤቴ አሁንማ ባሰበት። አዋሳ አራስ የዓሣ ሾርባ ትጠጣለች፣ ወተት ያበዛል እያለ ጭንቅላቱን ከነአጥንቱ ይቀቅልልኛል። ላዩ ላይ ቢጫ ስብ ይንሳፈፋል። "ስቡን ነው መጠጣት፣ ጉልበቱ እሱ ላይ ነው" ይለኛል። እጠጣለሁ። እውነትም ወተቴ ከልጄ አልፎ ልብሴን ያርሰው ነበር። ልጄም ጭኗ ተደራርቦ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ባየኋት ቁጥር ልበላት ልበላት ይለኛል።

ከሩቅ ቄስ መጥቶላት ክርስትና ከተነሳች በኋላ ሕፃናት ወደሚመዘኑበት ጣቢያ ወሰድኳት። ያን ጊዜ የአገሩን ቋንቋ መሰባበር ጀምሬያለሁ። ነርሷ መዝና ጎበዝ አለችኝ። "ምን እየበላሽ ነው እንዲህ ያማረባት?" ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ "ዓሣ" አልኳት። "በየቀኑ። ባሌ ነው የሚያጠምደው።" ነርሷ ልጄን ልታለብስ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። "ከየትኛው ውሃ?" አለች። በመስኮቱ በኩል ወንዙን አሳየኋት። መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ደረቴን አየች። ልጄን ራሷ አለበሰቻትና ሐኪም ልትጠራ ወጣች። ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ልጄን አንስቼ ደረቴ ላይ አጣበቅኳት።

ሐኪሟ ከባለቤትሽ ጋር ተመለሺ አለችኝ። በእንግሊዝኛ ልታስረዳን ነው፤ እሱ ይችላል፣ እኔ አልችልም። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው። ወንዙ እዚህ ከመድረሱ በፊት በብዙ አገር ያልፋል አለች፤ በየመንገዱ ፋብሪካው የማይፈልገውን ይደፋበታል፣ መርከብ ሆዱን ያጥብበታል፣ እርሻው ላይ የተረጨው መድኃኒትም ከዝናብ ጋር ይገባበታል። እዚህ ሲደርስ ወንዙ ይደክማል፣ የተሸከመውንም ጭቃው ላይ ያራግፋል። ጭቃውን ትሉ ይበላዋል፣ ትሉን ዓሣው ይበላዋል፣ መርዙም ከዓሣው ስብ ውስጥ ይከማቻል። የከፋው ፓሊንጉ ነው፣ ስብ በስብ ስለሆነ፤ ቅርፊት ያለውም ግን ንጹሕ አይደለም። እዚህ ያሉ ሰዎች የሚለቁት ለዚያ ነው። ለባለቤቴ የሰጡት ሽማግሌዎች ደግሞ፣ በኋላ ሄዶ ሲጠይቃቸው፣ ለድመት የሚወስድ መስሏቸው ነበር።

"ዓሣውን ከዛሬ ጀምሮ ተዉ" አለች። ይኼ ቀላል ነው። "ወተቱስ በይልኝ" አልኩ፣ "ወተቴስ?" ባለቤቴ ጠየቀልኝ። በዚህ አገር ወተቷ ፈጽሞ ንጹሕ የሆነ እናት የለችም፤ ያንቺ ደግሞ ሳይብስ አይቀርም፤ ቢሆንም ማጥባትሽን ቀጥይ፣ ከነጉድፉም ከዱቄት ወተቱ ይሻላል ብለን እናምናለን አለች።

"ታውቃለች ወይስ ታምናለች? ጠይቅልኝ" አልኩት።

ጠየቀልኝ። "በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም" አለች፤ ውሸታም ሴት አልነበረችም።

"እሺ፣ ከእኔ ሰውነት መቼ ይወጣል? በምን ይወጣል?"

ሐኪሟ ረጋ ብላ፣ ባለቤቴን ሳይሆን እኔን እያየች መለሰች። ተራው የባለቤቴ ነው። እሱ ግን እጁን ጭኑ ላይ ያሻሻል።

"ምን አለች?"

"በቀላሉ አይወጣም አለች። ብዙ ዓመት ይቀመጣል።"

"ከዚያ በላይ ተናግራለች። ምን አለች?"

"ከሴት ሰውነት በብዛት የሚወጣበት አንድ መንገድ ነው ያለው" አለኝ፣ ወለሉን እያየ። "ስታጠቢ ነው።"

ልጄ እቅፌ ውስጥ ተኝታ ነበር። ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። እኔ የምጸዳው እሷን እየሞላሁ ነው።

ቤት ስንደርስ አባባ ሐኪም መጠራታችንን ሰምተው ኖሮ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ገብተው ተቀመጡ፤ ቆባቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሁሉን ነገርናቸው። መርከብ ላይ ሳሉ የዘይት ማጠራቀሚያውን አጥበው እጣቢውን እዚሁ ወደብ ይደፉት እንደነበር ነገሩን። "ባሕሩ ትልቅ ነው፣ ይወስደዋል ይሉን ነበር፤ እኛም አመንን" አሉ። ከዚያ፣ "ኦሪት የነገረን ስለ ቅርፊት ነው፤ ስለ ፋብሪካ ማን ነገረን፣ ልጄ?" አሉኝ። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ተውኩት። ባለቤቴን ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ እሱ ደግሞ ማጠቢያው ጋ ቆሞ የተረፈውን ሾርባ መድፊያ አጥቶ ድስቱን እንደያዘ ቀርቷል። ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም አሰብን መሰለኝ፣ ማንም ድፋው አላለውም።

ልጄ ነቃች። ሽታዬን ለምዳ አፏን ከፍታ ደረቴን ትፈልጋለች። ባለቤቴ በጡጦ ዱቄት በጥብጦ አመጣላት፤ ቀመሰችና ተፋችው፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ አለቀሰች። በለቅሶዋ ወተቴ ያለ ጥሪ ወርዶ የቀሚሴን ደረት አራሰው። ላም እሳት ወልዳ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለውን ስንቴ ለሌላ ሰው ተርቻለሁ። ሲደርስብኝ ግን ተረት አልነበረም፤ ጡቴ ድንጋይ ሆኖ ያመኝ ነበር፣ እሷም ታለቅስ ነበር።

ሐኪሟ ትክክል ትሁን እኔ ልሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጄ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ ጤናዋም ደህና ነው ይሉኛል። እሷ ግን ራሴን አመመኝ ባለች ቁጥር እኔ ያን ቢጫ ስብ ነው የማየው።

የዚያን ቀን ልጄን ለአባባ ሰጠኋቸውና ወተቴ እንዲደርቅ ነጠላዬን አጥፌ ደረቴ ላይ ጠመጠምኩት። ባለቤቴ ገብቶት፣ "ሐኪሟ እኮ አጥቢ ብላለች" አለኝ። "ላንቺም ቢሆን ይወጣልሽ ነበር።"

"እኔ በልጄ አልጸዳም" አልኩት። "የቀረው እኔው ጋ ይቅር። ና እሰርልኝ።"

ድስቱን አስቀምጦ ከኋላዬ መጣና ጥብቅ አድርጎ ቋጠረልኝ።