አማቴ ላሜራ ሲዳመጥ ያዩ ዕለት

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም። ገብሱ ዘለላ ይዞ ገና ያልታጨደበት ወቅት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ አጨዳ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የእጮኛዬ አባት ማሳቸውን ጥለው ከመንዝ ድረስ አይወርዱም ነበር።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት መሐል ሜዳ ከተማ፣ አንድ በር የሚሠራ ልጅ ደጃፍ አረፍ ብዬ ነበር። ልጁ ጥቁር ላሜራ ይቆርጣል። ያ የተቃጠለ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ተነሣሁና መዳፌን ላሜራው ላይ አሳረፍኩ። ጥቁር ይባላል እንጂ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ቁራ ክንፍ ሰማያዊ ይላል። ልጁ፣ “አባባ፣ እጅዎ ይቆሽሻል” አለኝ። ይህ እጅ ላሜራን ከእሳት ሲወጣ ጀምሮ እንደሚያውቀው ምኑን ልንገረው።

የአባቴ መሬት ለአምስት ወንድማማች የምትበቃ አልነበረችም። ስለዚህ በጉርምስናዬ አገሬን ትቼ ከአዲስ አበባ ወዲያ ካለ የብረት ፋብሪካ ገባሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እዚያ ግን የሚፈለገው ክንድና ዓይን ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። እንደ ጣውላ የወፈረ ብረት ምድጃ ውስጥ ይገባና ሰዓታት ይቆያል። የምድጃው በር ሲከፈት መጀመሪያ ብርሃኑ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ደረትህን ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልስሃል። ብረቱ የበሰለ ብርቱካን መስሎ ይወጣል። ላዩ ላይ ቅርፊት አለው፤ ውኃ በኃይል ሲረጭበት ቅርፊቱ እንደ ገብስ ቆሎ እየተንጣጣ ይረግፋል። ከዚያ የጥድ ግንድ በሚያህሉ ሁለት የሚሽከረከሩ ብረቶች መሐል ያልፋል። መዳመጫ ነበር የምንላቸው፤ ጥጥ እንደሚዳመጠው ማለት ነው። እኔ ከወዲያ ማዶ በጉጠት እቀበልና እመልሰዋለሁ። አለቃችን ደግሞ ብረቱ ባለፈ ቁጥር ሁለቱን መዳመጫዎች ትንሽ ያቀራርባቸዋል። ብረቱ በሄደና በተመለሰ ቁጥር ይሳሳል፣ ይረዝማል፤ ቀለሙም ከብርቱካን ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጠቆረ ደም ይወርዳል። ከቀዘቀዘ እምቢ ይላል፣ ይሰነጠቃል። መቸኮል አለብህ፣ መሮጥ ግን የለብህም።

አለቃው በዕድሜ ብዙ አይበልጠኝም ነበርና አንተ ነበር የምለው። የመንዝ ጎረቤት የግሼ ሰው ነው። ሌሎቹ የሱፍ ሰደርያዬን በዚያ ሙቀት አላወልቅ ስላልኩ “የመንዝ በግ” ሲሉኝ እሱ ብቻ፣ “ሱፍ እሳት ቶሎ አይዘውም፤ በጉ ከእናንተ ይሻላል” ይላቸው ነበር።

በዚያ ጊዜ እጮኛ ነበረችኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ እሺ ተብሏል። አንድ ያገሬ ሰው ፋብሪካው ድረስ መጥቶ ጠየቀኝና ሲመለስ፣ “እሳት ፊት ቆሞ ብረት ያቀጥናል፣ ጉጠት ይዟል” ብሎ አወራ። እኛ አገር ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም። ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው ቀጥቃጭ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ብለን ከማዕዳችን እናርቀው ነበር፤ ልጅ አንሰጠውም፣ ልጁንም አናገባም። በሠራው ማረሻ አርሰን ያመረትነውን እህል ለእሱ መቁረስ እንጸየፍ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን እኔም እንደ ሰዉ ነበርኩ።

የልጅቱ አባት፣ “በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም” ብለው ላኩብኝ። ሥራዬን ልለቅ ተነሣሁ። አለቃው፣ “ለቀህ ምን ልታበላት ነው? ይምጡና ይዩ” አለኝ።

መጡ። አለቃው ዘበኛውን ለምኖ አስገባቸው። ሙቀቱ ሲያገኛቸው፣ “አባቴ፣ በርኖሱን ቢያወልቁት” ቢላቸው፣ “ልብስ ነው እንጂ እንግዳ አይደለም፣ ሂድ ና አልለውም” አሉት። ሠራተኞቹ፣ “በጉ አባቱን አመጣ” እያሉ ተሳሳቁ።

የምድጃው በር ተከፈተ። አማቴ አማተቡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ብረቱ በመዳመጫው መጣ፤ ተቀበልኩት፤ ዓይኔ ግን እሳቸው ላይ ነበርና ጠመም አለብኝ። አለቃው ከወዲያ ሆኖ፣ “ወደ ሰውዬው አትይ፣ ወደ ብረቱ” አለኝ። ወደ ብረቱ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያንን የሚያህል ቀጥ ያለ ላሜራ አውጥቼ አላውቅም። እንደ ተወጠረ ቆዳ ተዘርግቶ፣ ውኃ ሲነካው እየተንሿሿ ጠቆረ።

አማቴ ዙሪያውን ቃኙ። “መዶሻው የታለ?”

“መዶሻ የለንም፣ አባቴ” አለ አለቃው።

“ወናፉስ?”

“ወናፍም የለም። የሚነደው ናፍጣ ነው።”

“ታዲያ ይሄ ልጅ የያዘው ጉጠት አይደለም?”

“እርስዎ እሳት ውስጥ የገባ ድንች በምን ያወጣሉ?”

“በእንጨት።”

“እንጨት እዚህ ይነድብናል። ለዚህ ነው በብረት የሆነው።”

ሠራተኛው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። አለቃውን ትኩር ብለው አዩት። “አንተስ የማን ልጅ ነህ?”

“የገበሬ ልጅ ነኝ። የግሼ።”

“እዚህ ቤት ቀጥቃጭ አለመኖሩን በአባትህ አጥንት ማልልኝ።”

መዳመጫዎቹ ባዷቸውን ሲሽከረከሩ ይሰማኝ ነበር።

“የአባቴን አጥንት፣ የለም” አለ።

አማቴ አውቶቡስ ላይ ስሸኛቸው ፊታቸው ፈክቶ ነበር። “ይሄ ቅጥቀጣ አይደለም፣ የመንግሥት ሥራ ነው” አሉኝና መረቁኝ።

ስመለስ ምሳ ቀረብን። እኔና አለቃው ሁልጊዜ ከአንድ ሰሃን ነበር የምንበላው። ሁለት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ፣ “አባቴ ቀጥቃጭ ነበር” አለኝ። “የአማትህን ማረሻም ሳይሠራው አይቀርም።”

እጄ ከሰሃኑ በላይ ቆመ። ሳላስበው ነው የቆመው። አየኝ።

“ብላ እንጂ፤ ያው ትናንት አብሮህ የበላው እጅ ነው።”

በላሁ። ግን ዘግይቼ ነው የበላሁት፤ ያቺን መዘግየት እስከ ዛሬ ከላዬ ላራግፋት አልቻልኩም። ለምን እንደማለ ጠየቅኩት። “አባቴ ሰው እንደሸሸው ሞተ” አለኝ። “አጥንቱ አንድ ቀን ሁለት ሰው ቢያጋባ አይከፋውም።” ከዚያ የአባቱን ስም ነገረኝ። ፋብሪካው ውስጥ ለሌላ ሰው ነግሮ አያውቅም ነበር።

ለሠርጌ ጠራሁት። “ፈረቃ አለብኝ” አለ። የዚያ ሳምንት ፈረቃ የእሱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አልተከራከርኩትም። እንዲያውም እፎይ አልኩ፤ ይህን ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት ነው የቀበርኳት። ከእሷ ስድስት ልጆች ወልጃለሁ። አማቴም ሳያውቁ አረፉ።

ኋላ ልቤ ሲመለስ ፋብሪካው ድረስ ሄጄ ፈለግኩት። ጡረታ ወጥቶ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። እኔንም ትዳሬንም ያቆመ ሰው ነውና ስሙ በእኔ አፍ ተዳፍኖ እንዲቀር አልፈልግም። ሽፈራው ነው የሚባለው። ሽፈራው ደምሴ፤ የቀጥቃጩ የደምሴ ልጅ።